የቦይለር ጭስ ቱቦዎች አያያዝ በአዲስ አበባ፦ ከልኬት እስከ ቱቦ ለውጥ

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና የልብስ እጥበት ቤቶች ምድር ቤት ውስጥ የሚያጋጥሙት ቦይለሮች (ውሃ አፍልተው እንፋሎት የሚሰጡ ማሞቂያዎች) በአብዛኛው አንድ ቤተሰብ ናቸው። ውሃ በያዘ ትልቅ የብረት በርሜል መካከል እሳቱ የሚነድበት ሰፊ ክፍል ያልፋል፤ በላዩና በጎኑ ደግሞ ትኩስ ጋዝ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ተደርድረዋል። ጋዙ በእሳት ክፍሉ አንድ ጊዜ፣ በቱቦዎቹ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ ባለ ሦስት ዙር ይባላሉ። በእሳት ክፍሉ ሙቀት የሚተላለፈው በአብዛኛው በጨረር ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ ግን ጋዙ ብረቱን እየዳሰሰ ሲያልፍ ሙቀቱን ያስረክባል፤ ይህ መመሪያ የሚመለከተውም ይህንን ክፍል ነው። በነዳጅ ማጣሪያና በመሰል ፋብሪካዎች ምድጃዎች ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ፣ ጋዙ በውጭ ይሄዳል። የጽዳቱ መሣሪያ ይለያይ እንጂ ከዚህ በታች ያለው አስተሳሰብ ለዚያም ይሠራል።

መመሪያው ቦይለር ለሚያንቀሳቅሱና ለሚጠግኑ ሰዎች የተጻፈ ነው። ብየዳና የግፊት ሙከራ የሚጠይቀው ክፍል ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው።

የትኛው ገጽ እንደቆሸሸ ማወቅ

ቱቦው በውስጥ በኩል ጋዝ፣ በውጭ በኩል ውሃ ይነካዋል። ሙቀት ከጋዙ ወደ ብረቱ የሚሻገረው በጭንቅ ነው፦ ለአንድ ካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ልዩነት 50 ዋት ገደማ። ከብረቱ ወደሚፈላው ውሃ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይሻገራል። ጠባቡ በር ያለው በጋዙ በኩል ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያሰላውም። በቱቦው ውስጥ 1 ሚሊሜትር ጥቀርሻ ቢለጠፍ፣ ጥቀርሻ ሙቀትን እጅግ ስለሚከለክል፣ በመንገዱ ላይ ያለውን እንቅፋት ግማሽ ያህል ይጨምርበታል። በውሃው በኩል ስኬል የሚባለው ኖራማ ቅርፊት በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ቢጋገር ግን ጭማሪው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ ስኬል ቀላል ነገር ነው? አይደለም። በእሳት ክፍሉ ግድግዳና የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች በሚጀምሩበት ቦታ የሚያልፈው ሙቀት ብዙ ስለሆነ፣ ያው 1 ሚሊሜትር ስኬል ብረቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ተጨማሪ ሊያግለው ይችላል። ተራ የቦይለር ብረት ከ400 ዲግሪ በላይ ጥንካሬው እየከዳው ይሄዳል። በአጭሩ ጥቀርሻ ነዳጅ ያባክናል፣ ስኬል ብረት ያበላሻል። የጭሱ ሙቀት ሲጨምር በቀጥታ አሲድ የሚያዝ ቴክኒሻን የተሳሳተውን ገጽ እያከመ ነው።

አንደኛ፦ የጭሱን ሙቀት መመዝገብ

በጭስ ማውጫው ላይ፣ ከቦይለሩ መውጫ ብዙም ሳይርቅ፣ ቴርሞሜትር ከሌለ ዛሬውኑ ይግጠሙ። ካለም ጫፉን አውጥተው ከጥቀርሻ ያጽዱት፤ በጥቀርሻ የተሸፈነ ቴርሞሜትር እውነቱን አይናገርም።

ግፊቱ 7 ባር በሆነ ቦይለር ውስጥ እንፋሎቱ 170 ዲግሪ ገደማ ነው። ንጹሕ ባለ ሦስት ዙር ቦይለር በሙሉ እሳት ሲሠራ ጭሱ ከእንፋሎቱ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ቢበልጥ ነው፤ ማለትም ከ210 እስከ 240 ዲግሪ። የእርስዎ ቦይለር ትክክለኛ ቁጥር ግን ከጽዳት በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚያነቡት ነው። ያንን ቁጥር ከግፊቱና ከእሳቱ መጠን ጋር አብረው ይጻፉ፤ በዝቅተኛ እሳት የተነበበን ሙቀት በሙሉ እሳት ከተነበበ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ከዚያ በኋላ በየፈረቃው አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ እሳት ይመዝግቡ።

የጭሱ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲጨምር 1 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይባክናል። በሰዓት 40 ሊትር ናፍጣ የሚያነድና በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ቦይለር ጭሱ በ60 ዲግሪ ከጨመረ በየቀኑ 12 ሊትር በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ እየላከ ነው። የናፍጣን ዋጋ ያውቁታልና ሒሳቡን ለሥራ አስኪያጅዎ ይዘው ይሂዱ፤ ብሩሽና የሠራተኛ አበል ለማስፈቀድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ከንጹሑ ቁጥር ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሲርቅ የመክፈቻው ጊዜ ደርሷል። «በየሦስት ወሩ እናጸዳለን» የሚለው ልማድ አንዱን ቦይለር ያለ ጥቅም ያስከፍታል፣ ሌላውን ደግሞ ለወራት ነዳጅ እያስበላ ይተወዋል።

የጭማሪው አካሄድም ራሱ ምልክት ነው። በሳምንታት ቀስ እያለ ከወጣ ጥቀርሻ ነው። በአንድ ቀን ዘሎ ከወጣ ግን ጥቀርሻ አይደለም፦ ዙሮቹን የሚለየው የኋለኛው በር እሳት መከላከያ ጡብ ተሰንጥቆ ወይም ጋስኬቱ ለቆ ጋዙ አንዱን ዙር ዘልሎ በአቋራጭ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይህን በብሩሽ አያስተካክሉትም።

ሁለተኛ፦ ከመጥረግ በፊት ጥቀርሻው ከየት እንደመጣ መጠየቅ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀልላል። የበርነሩ (ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅሎ የሚያነድደው መሣሪያ) ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ሩብ ያህል ጎድሏል። ፋብሪካው ለባሕር ዳርቻ አስተካክሎ የላከውን በርነር እዚህ በሙሉ የነዳጅ መርጫ ካነደዱት እሳቱ ይታፈናል፤ ያልተቃጠለው ካርቦን ቱቦው ላይ ይቀመጣል። ቱቦው በተጸዳ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ የሚጠቁርባቸው ቦይለሮች ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መፍትሔው በጋዝ መለኪያ ማስተካከል ነው። በናፍጣ በሙሉ እሳት ከ3 እስከ 4 በመቶ ኦክስጅን በጭሱ ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ብሎ፣ በማጣሪያ ወረቀት የተሳበው ጭስም ወረቀቱን ሳያጠቁር። የአየር መግቢያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ኦክስጅኑ ካልደረሰ፣ የነዳጅ መርጫውን ማሳነስ ወይም ትልቅ ማራገቢያ ማስገባት እንጂ ሦስተኛ መንገድ የለም። መርጫው ሲያንስ የቦይለሩ ጉልበት እንደሚቀንስ ለአስተዳደሩ አስቀድመው ይንገሩ።

መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሣ በርነሩ በየጊዜው ጠፍቶ ይነሣል። እያንዳንዱ ማቀጣጠያ ጥቂት ጥቀርሻ ያስቀራል፤ ቱቦዎቹንም ያቀዘቅዛል፣ ያሞቃል። መብራት በፈረቃ በሚሆንባቸው ሳምንታት ከመዝገቡ ላይ ዓይንዎን አያንሡ።

ሦስተኛ፦ መክፈትና መጥረግ

ነዳጁን በቫልቭ፣ ኤሌክትሪኩን በማብሪያው ይዝጉ፤ ቁልፍ ያድርጉበትና ቁልፉን ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ። ከሌላ ቦይለር ጋር የጋራ የእንፋሎት መስመር ካለ የመስመሩንም ቫልቭ ይቆልፉ። ቦይለሩ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ማራገቢያ አስነሥቶ ማቀዝቀዝ የቱቦዎቹን ጫፎች ያላላል። ለነገ ጠዋት ሥራ ዛሬ ማታ መዝጋት ይበቃል።

በሩ ሲከፈት የአሮጌ ቦይለር የበር ገመድ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ያረጀና የሚበንን ነጭ ወይም ግራጫ ገመድ ካዩ በደረቁ አይፋቁት፤ አርጥበው፣ በማስክ፣ በከረጢት አሽገው ያውጡት። አዲሱ የሴራሚክ ፋይበር ይሁን።

የብሩሹ ስፋት ከቱቦው ውስጣዊ ስፋት ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ የበለጠ ይሁን። ለደረቅ የናፍጣ ጥቀርሻ ናይለን ይበቃል፤ ለተጋገረው የሽቦ ብሩሽ። ከላይኛው ረድፍ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ ብሩሹን ከአንድ ጫፍ አስገብተው እስከ ሌላው ጫፍ ሳያቋርጡ ይግፉት። በመካከል አዙሮ መመለስ የሽቦውን ጠጉር ይሰብረዋል፤ ብሩሹም እዚያው ይቀረቀራል። ተርቡሌተር የሚባሉት ጋዙን የሚያሽከረክሩ ጥምዝ ጥብጣቦች ካሉ አስቀድመው ያውጧቸው፤ ከየትኛው ረድፍ እንደወጡ ምልክት ያድርጉ፤ በሙቀት ብዛት ያለቁትን መልሰው አይክተቱ። ጥቀርሻውን በኢንዱስትሪ መጥረጊያ ማሽን ይሳቡት እንጂ በአየር ግፊት አይንፉት፤ አለበለዚያ የሆቴሉ አንሶላ ሁሉ ይቀምሰዋል።

በውሃ የማጠብ ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሰልፈር ያለበት ነዳጅ ጥቀርሻ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ከታጠበ ወዲያው በሶዳ ውሃ ገለልተኛ መሆንና እሳት ተነድዶ መድረቅ አለበት፤ ይህን በአንድ ቀን መፈጸም ካልተቻለ አይታጠብ። በዚሁ ምክንያት ሥራ ለማቆም የታሰበ ቦይለር ከነጥቀርሻው ክረምትን እንዲያሳልፍ አይተው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ቱቦዎቹን በዝምታ ይበላቸዋል።

ከመጥረግ በኋላ በአንድ በኩል ባትሪ ይዘው በሌላው በኩል ይመልከቱ። የቱቦው ግድግዳ ግራጫ ሆኖ ብርሃኑ ንጹሕ ክብ ሆኖ ከታየ ተጠርጓል። ከቱቦው ጫፍ ነጭ የጨው መስመር ሲወርድ ካዩ ያ ጫፍ እያንጠባጠበ ነው፤ በኖራ እርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

አራተኛ፦ የውሃው ገጽ

ይህ ክፍል ረጅም ነው፤ ምክንያቱም በከተማችን መካከል ያለ ቦይለር የሚጠጣው ውሃ አንድ አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው የከርሰ ምድር ውሃ የበለጠ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዛል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ሆቴሉ ቦቴ ያስመጣል፤ ቦቴው ከየት እንደቀዳ የሚጠይቅ የለም። ውሃ የሚያለሰልሰው ሶፍትነር ግን ለአንድ የታወቀ የውሃ ጥንካሬ (የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን) ተሰልቶ «ከዚህን ያህል ሜትር ኩብ በኋላ በጨው ይታጠብ» ተብሎ የተስተካከለ ነው። ከተስተካከለበት እጥፍ የጠነከረ ውሃ ከመጣ በግማሽ መንገድ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኖራ በሙሉ ቀጥታ ወደ ቦይለሩ ይገባል።

ስለዚህ የሶፍትነሩን መውጫ በየቀኑ፣ ቦቴ በመጣበት ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይፈትሹ። የጥንካሬ መፈተሻው ጠብታ ውሃውን ቀይ ካደረገው ጠንካራ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ለስላሳ። ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ።

በፍልውሃ አካባቢ ከጥልቅ የሚወጣው ሙቅ ውሃ የተለየ ጠባይ አለው፦ የሚበዛበት ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በጠብታው ለስላሳ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። በቦይለር ውስጥ ግን ባይካርቦኔቱ ይበተናል፤ ከፊሉ ውሃውን ኮስቲክ (ብረት የሚበላ አልካሊ) ያደርገዋል፣ አረፋ ያስወጣዋል፤ ከፊሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋር ሄዶ የመመለሻ ቧንቧውን ያሳሳል። በግቢያቸው የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው ድርጅቶች ሶፍትነር ከመግዛታቸው በፊት ውሃውን በቤተ ሙከራ ማስመርመር ይኖርባቸዋል፤ ለዚህ ውሃ ሶፍትነር ብቻውን አይረዳም።

ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ የሚጠራቀምበት ታንክ ሌላው ቦታ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሟሟውን ኦክስጅን ይለቃል፤ ያ ኦክስጅን ቦይለሩ ውስጥ ከገባ ቱቦውን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። ታንኩን ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ይያዙት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከመጽሐፍ ላይ «95 ዲግሪ» የሚለውን አይከተሉ፤ ውሃው ፓምፑ ውስጥ ይፈላና ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይንገጫገጫል። ፓምፑ ካጉረመረመ ታንኩን ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። የቀረውን ኦክስጅን በሶዲየም ሰልፋይት ያስወግዱ።

በቦይለሩ ውስጥ የተሟሟው ጨው በሚሊዮን ከ3,000 እስከ 3,500 ክፍል እንዳይበልጥ፣ ፒኤቹም (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ10.5 እስከ 11.5 እንዲሆን በየቀኑ ይለኩ። ናሙናውን አቀዝቅዘው ነው። ከታች ያለውን ማስወገጃ ቫልቭ እሳቱ ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ ለጥቂት ሰከንድ በፍጥነት ከፍተው ይዝጉ፤ ይድገሙት። አንድ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መተው ጭቃውን አይጠርግም፤ የሞቀ ውሃ ብቻ ያባክናል።

ውስጡን ለማየት ቦይለሩን ባዶ ሲያደርጉ ከ50 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ሲፈስም ወዲያው በጎማ ይጠቡት። ትኩስ ብረት ላይ የደረቀ ጭቃ ስኬል ይሆናል። ስኬሉ ከእንቁላል ቅርፊት ካልወፈረ በውሃ አያያዝ ብቻ ማቆም ይሻላል። ከወፈረ ብረቱ እንዳይበላ መከላከያ በተቀላቀለበት አሲድ ይጠብ፤ ይህም የሰለጠነ ሰው ሥራ ነው። አሲድ ከብረት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ የአየር መውጫው ክፍት ይሁን፤ በክፍሉ ውስጥ ብየዳም ሲጋራም አይኑር። የወጣው ፈሳሽ በሶዳ ገለልተኛ ሳይሆን ወደ ጎዳና ፍሳሽ አይለቀቅ።

አምስተኛ፦ የሚያንጠባጥብ ጫፍና የሚለወጥ ቱቦ

ቱቦዎቹ ጫፋቸው የሚታሰርበትን ወፍራም የብረት ሰሌዳ ቲዩብ ፕሌት ይሉታል። ችግር የሚጀምረው በኋለኛው ሰሌዳ ነው፤ ጋዙ ከእሳት ክፍሉ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነውና። ከሰሌዳው አልፎ የወጣ የቱቦ ጫፍ ውሃ ስለማያቀዘቅዘው ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል። በሁለት ቀዳዳዎች መካከል በሰሌዳው ላይ ስንጥቅ ካዩ ቦይለሩ አይነሣ፤ ይህ የጥገና ሠራተኛ ብቻውን የሚወስነው አይደለም።

ያልተበየደ ጫፍ ካንጠባጠበ ኤክስፓንደር በሚባለው፣ የቱቦውን ጫፍ ከውስጥ በሚያሰፋ መሣሪያ እንደገና ማስፋት ይቻላል። የግድግዳው መሳሳት ከ5 እስከ 8 በመቶ ይበቃዋል። ምሳሌ፦ የውጭ ስፋቱ 51 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው 3.2 የሆነ ቱቦ ውስጡ 44.6 ነው። የሰሌዳው ቀዳዳ 51.5 ከሆነ ቱቦው ቀዳዳውን ሲነካ ውስጡ 45.1 ይደርሳል። በ6 በመቶ ለማሳሳት 0.4 ገደማ ይጨምሩበት፤ 45.5 ላይ ይቁሙ። «ይጥበቅ» እያሉ መግፋት ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ጎረቤት ቀዳዳዎችንም ያላላቸዋል፤ አንዱን ጠግኖ ሦስት ማስለቀስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መካከሉ የተበሳ ቱቦ በሁለቱም ጫፍ በተያያዘ የብረት ዘንግና ቡሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ቱቦ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። ጎረቤቱን ቱቦ ለማወቅ በአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ያስለኩ፤ አንዱ በኦክስጅን ከተበሳ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው።

ሲገዙ የውሃ ቧንቧ አይግዙ። መርካቶ ውስጥ በስፋቱ ልክ የሆነ፣ በዋጋው የረከሰ ቧንቧ አይጠፋም፤ ስፋቱ ልክ መሆኑ ግን ቦይለር ቱቦ አያደርገውም። የቦይለር ቱቦ ደረጃዎች የሆኑት ኤኤስቲኤም ኤ192 ወይም ፒ235ጂኤች በራሱ ላይ የታተሙበት፣ የፋብሪካ የምስክር ወረቀት ያለው ይሁን፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለጫ ቁጥር (ብረቱ የቀለጠበት ዙር መለያ) ከቱቦው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ከጥገና በኋላ ቦይለሩ ሳይነድድ በውሃ ተሞልቶ በግፊት ይሞከራል። የግፊቱን መጠን መርማሪው ይወስነዋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚበርድ በማለዳ ከታንክ የተቀዳ ውሃ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው፤ ቀዝቃዛ ብረት ተሰባሪ ስለሆነ ውሃውን ለብ አድርገው ይሙሉት። ሲያነሡትም በዝቅተኛ እሳት፣ እየቆራረጡ፤ የበሩን ብሎኖች ከሞቀ በኋላ እንደገና ያጥብቁ፤ ከዚያም ያንን የመጀመሪያ ቀን የጭስ ሙቀት ይመዝግቡ።

አዲስ ለሚገዛ

ያንኑ ነዳጅ ለማቃጠል የሚያስፈልገው የጋዝ ክብደት እዚህም በባሕር ዳርቻም እኩል ስለሆነ ቱቦው የሚቀበለው ሙቀት በከፍታ ብዙ አይለወጥም። ጋዙ ግን እዚህ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በቱቦው ውስጥ ይፈጥናል፤ ለመግፋት የሚያስፈልገው ግፊት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። በባሕር ዳርቻ በምቾት የሚሠራ ተርቡሌተር የተሞላ ቦይለር እዚህ በርነሩን ሊያፍነው የሚችለው ለዚህ ነው። ለሻጩ «የጋዝ መንገዱን ተቃውሞና የበርነሩን ማራገቢያ በ2,350 ሜትር አስልታችሁ በጽሑፍ ስጡን» ይበሉት። መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ለናፍጣ ብቻ ከሆነ 51 ሚሊሜትር ቱቦ ጥሩ ነው። ከባድ ጥቁር ነዳጅ የሚያነድዱ ከሆነ 63 ወይም 76 ያስመርጡ፤ ጠባብ ቱቦ ሙቀት ይቀበላል፣ ግን ይታፈናል። ቱቦዎቹ በቀጥታ ረድፍ ቢደረደሩ በመካከላቸው ማየትና ማጠብ ይቻላል፤ በዝግዛግ ከተደረደሩ የውሃው ገጽ ለዘላለም የማይታይ ይሆናል።

የመጨረሻው የአርክቴክቱ ጉዳይ ነው። በመሀል ከተማ ቦታ ውድ ስለሆነ ቦይለር ክፍሉ ከሁሉም የተረፈው ጥግ ይሆናል። ቱቦው 3 ሜትር ከሆነ ከበሩ ፊት ከ3 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ካልኖረ ብሩሹ በመገጣጠሚያ ዘንግ ይገባ ይሆናል፤ ቱቦ መለወጥ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል። ቦታው ከሌለ በበሩ ትክክል ያለው ግድግዳ ላይ የሚነሣ መስኮት ወይም በር በግንባታው ጊዜ ይተውለት።